የአረር ሞልድ ከመግዛትህ በፊት ቱቦውን ለካ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ፔንሲልቬንያ ነው። ጡረታ የወጡ አንድ ጎረቤቴ በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ሰጡኝ። ቶምሰን ሴንተር ሆውከን ነው፤ ቱቦው ላይ 50 ካሊበር ይላል፤ የሚተኩሰው በካፕ (ሲመታ ባሩዱን በሚያቀጣጥል ትንሽ ቆብ) ነው። አብረው የሰጡኝ አረር አለቀ። አሁን እርሳስ አቅልጬ ራሴ ላፍስ ብያለሁ። ጠመንጃው 50 ከሆነ የምገዛው የ0.500 ኢንች ሞልድ (እርሳሱ የሚፈስበት ቅርጽ) ነው? አንዱ ጓደኛዬ ‹ጠበቅ ያለ ነው ደህና የሚመታው፣ 0.495 ግዛ› ይለኛል። ሌላው ሪቮልቨር ተኳሽ ነው፤ ‹አረሩ ከቀዳዳው መብለጥ አለበት› ይላል። አሉሚኒየም ይሻላል ብረት? የምሠራው ጎማ ቤት ስለሆነ ለጎማ ማመዛዘኛ በክሊፕ የሚያዘውን እርሳስ በነጻ አገኛለሁ። ይሆናል?»

ምላሽ፦ 0.500 አትግዛ። ያንተ ጠመንጃ አረር የሚጎርሰው በጨርቅ ተጠቅልሎ ነው፤ ያ አረር ጨርቅ ለብሶ አይገባም። 0.495ም ለጊዜው ይቆይ። ላንተ ጠመንጃ ትክክለኛው መነሻ 0.490 ነው። እሱንም ቢሆን ዛሬ አትዘዘው። ሞልድ የሚገዛው ቱቦው ከተለካና አረሩ ከተሞከረ በኋላ ነው።

ስህተቱ የሚጀምረው ቱቦው ላይ ከተጻፈው ቁጥር ነው። ቱቦው ውስጥ አረሩን የሚያሽከረክር ጠምዛዛ ቦይ ተቆፍሯል፤ በቦዮቹ መሃል ከፍ ብሎ የቀረው ሸንተረር ይባላል። 50 ካሊበር ማለት የቱቦው ውስጥ ከሸንተረር እስከ ሸንተረር ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር ይሰፋል ማለት ነው። የቀዳዳው ልክ ነው እንጂ የአረሩ ልክ አይደለም። ዘመናዊ ጥይት የለመደ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። በዘመናዊ ጥይት እርሳሱ ራሱ፣ ወይም የለበሰው መዳብ፣ ቦዩን ነክሶ ይሽከረከራል። ያንተ ጠመንጃ እንደዚያ አይሠራም። ክብ አረር ቱቦውን መንካት የለበትም። ቱቦውን የሚነካው ጨርቁ ነው። ቦዩ ጨርቁን ያዞራል፤ ጨርቁ ደግሞ አረሩን ይዞት ይዞራል። ከአፈሙዙ ሲወጡ ጨርቁ ጥቂት ሜትር ሄዶ ይወድቃል፣ አረሩ ብቻውን ይቀጥላል።

ስለዚህ ሂሳቡ ሁል ጊዜ አረርና ጨርቅ አብረው ነው። የ0.490 አረር ውሰድ። ውፍረቱ 0.015 ኢንች የሆነ ጨርቅ አልብሰው። ጨርቁ በሁለቱም ጎን ስላለ 0.030 ይጨምራል። ድምሩ 0.520 መጣ። ቀዳዳህ 0.500 ነው። ስለዚህ 0.020 ኢንች፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል፣ ትርፍ አለ። ያ ትርፍ የትም አይጠፋም። ሸንተረሩ ላይ ጨርቁ ይጨፈለቃል፤ ቦዩ ውስጥ ደግሞ ተንፈስ ብሎ ይሞላል። ከኋላ የሚገፋው ጋዝ እንዳያመልጥ የሚዘጋው ይኸው ነው። አሁን የ0.500 አረርን በዚሁ ሂሳብ አስበው። ጨርቁ የሚቀመጥበት ቦታ ከየት ይመጣል? በመዶሻ ብትመታው እንኳ ጨርቁ ይቀደዳል፣ አረሩም ይጣመማል።

0.495 ግዛ ያለህ ጓደኛህ ግማሽ እውነት ይዟል። ወረቀት ላይ ለውድድር የሚተኩሱ ሰዎች ጠበቅ ያለ አረርና ወፈር ያለ ጨርቅ ይወዳሉ። ደህናም ይመታሉ። ግን እንዴት እንደሚተኩሱ ተመልከት። ቦዩ ጥልቅ የሆነ ቱቦ አላቸው። አረሩን አፈሙዙ ላይ ለማስጀመር በመዶሻ ይመታሉ። ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላም ቱቦውን በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጋሉ። ያንተ ሆውከን ቦዩ ጥልቅ አይደለም፤ ጨርቁ የሚተነፍስበት ቦታ ጠባብ ነው። ጫካ ውስጥ ቆመህ፣ እጅህ በብርድ ደንዝዞ፣ ሁለተኛ አረር ለማጉረስ ስትታገል መዶሻ ፍለጋ አትሄድም።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ደግሞ ጥላሸቱ ነው። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ሙሉ በሙሉ ጋዝ አይሆንም። ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጠጣር ሆኖ ይቀራል። ከፊሉ በጭስ ይወጣል፤ የቀረው ቱቦው ግድግዳ ላይ ይጋገራል። ንጹሕ ቱቦ ውስጥ ጥብቅ ብሎ የገባ አረር ከሦስትና ከአራት ተኩስ በኋላ አይገባም።

ይህን የተማርኩት ራሴ ላይ ደርሶ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት 0.495 አረር በ0.020 ጨርቅ እተኩስ ነበር። አንደኛው ገባ። ሁለተኛው ገባ፣ ግን ትከሻዬን አደከመው። አራተኛው ላይ አረሩ መንገድ ላይ ቆመ። መጠቅጠቂያ ዘንጉ ግማሽ ክንድ ያህል ውጭ ቀርቷል። ብገፋ አይሄድ፣ ብስብ አይመለስ። አጠገቤ የነበረ ሰው «ተኩሰውና ይውጣ» አለኝ። በፍጹም። አረር ባሩዱ ላይ ሳያርፍ መሃል ላይ ቆሞ ከተተኮሰ ቱቦው ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። የተኳሹን ግራ እጅ የሚወስድ አደጋ ነው። ካፕ አላደረግሁበትም ነበር። ካፕ የሚቀመጥበትን ጡት ፈታሁ። በዚያ በኩል ውሃ አንቆርቁሬ ባሩዱን አበሰበስኩ። ከዚያ ዘንጉ ጫፍ ላይ አረር ማውጫ ብሎን አስሬ እርሳሱን እየበሳሁ ጎትቼ አወጣሁት። ሰዓቱን አልነግርህም። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ሰው መጀመሪያ ላይ 0.495 እንዲገዛ አልመክርም።

ሪቮልቨር ተኳሹ ጓደኛህ ስለራሱ መሣሪያ ትክክል ነው። በካፕ የሚሠራ ሪቮልቨር ጨርቅ የለውም። አረሩ ከጓዳው፣ ማለትም ከሚቀመጥበት ቀዳዳ፣ በጥቂቱ መብለጥ አለበት። ማንሻው ሲጫነው ዙሪያውን ቀጭን የእርሳስ ቀለበት ይላጫል፤ ጓዳውም ይዘጋል። ለዚህ ነው 44 የሚባለው ሪቮልቨር 0.451 ወይም 0.454 አረር የሚበላው። ያ ሕግ ላንተ ጠመንጃ አይሠራም። ልሙጥ ቱቦ ያላቸው የድሮ ነፍጦች ደግሞ ከሁለታችሁም ይለያሉ። የእንግሊዞቹ ብራውን ቤስ ቀዳዳው 0.75 ኢንች ሲሆን ወታደሩ የሚያጎርሰው 0.69 ገደማ ነበር። ዓላማው ማነጣጠር ሳይሆን ቶሎ ቶሎ ማጉረስ ስለነበር ነው።

አሁን ወደ መለካቱ። ከሁሉ በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጥ። ከሰው የተሰጠ በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ለዓመታት ጎርሶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሊሆን ይችላል። ዘንጉን እስከ ታች አስገባና አፈሙዙ ጋ በጣትህ ያዘው። አውጣና በውጭ በኩል ከቱቦው ጎን አስተኛው። ጫፉ ካፕ የሚቀመጥበት ጡት አካባቢ መድረስ አለበት። ሁለት ሦስት ጣት ከቀረው ውስጥ የሆነ ነገር አለ። አንተ ተኩሰህበታልና ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም አድርገው።

ከዚያ ዲጂታል ካሊፐር ያዝና የአፈሙዙን ቀዳዳ ከሸንተረር እስከ ሸንተረር ለካ። ሁለት ሦስት ቦታ እያዞርክ ለካና ትንሹን ቁጥር ጻፍ። ካሊፐር ለውስጥ ልኬት ያን ያህል ትክክል አይደለም፤ አንድ ሁለት ሺህኛ ኢንች ሊዋሽ ይችላል። አንዳንድ ሰው ማጉረሱ እንዲቀለው የአፈሙዙን ጫፍ ያሰፋዋል፤ ያን ጊዜ የምትለካው የሰፋውን ቦታ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ 0.500 አካባቢ ከሆነ በቂ ነው፣ እንቀጥላለን። ከ0.496 በታች ወይም ከ0.502 በላይ ካሳየህ ግን አንድ ነገር አለ። ጠመንጃው ቱቦው ተቀይሮ ወይም በዝገት ተበልቶ ሊሆን ይችላል።

ቀጥለህ ሞልድ ሳይሆን አረር ግዛ። ፋብሪካ ውስጥ ተጨምቆ የተሠራ 0.490 አረር፣ ለምሳሌ የሆርናዲ፣ 100 በአንድ ሳጥን ይሸጣል። ከእሱ ጋር በ0.010፣ በ0.015 እና በ0.018 ውፍረት ጨርቅ ያዝ። ጨርቁ መቶ በመቶ ጥጥ ይሁን። ፖሊስተር ያለበት ቱቦው ውስጥ ይቀልጣል። በአንድ ሳጥን አረር ውስጥ ጠመንጃህ የሚወደውን ታውቃለህ። ሞልድ ገዝተህ፣ እርሳስ ፈልገህ፣ ሦስት መቶ አረር አፍስሰህ ልኩ አልሆነም ከማለት በአንድ ቅዳሜ ጠዋት መጨረስ ይሻላል።

ስትሞክር ኢላማውን ብቻ አትይ። ጨርቁን ፈልገው። ከአፈሙዙ ፊት ከአምስት እስከ አሥር ሜትር ባለው ሳር ውስጥ ታገኘዋለህ። አንሥተህ መዳፍህ ላይ ዘርጋው። ደህና ከሆነ መሃሉ አረሩ የተቀመጠበት ክብ ሆኖ ይታያል፤ በዙሪያው የቦዮቹ ጥቁር ሰረዝ ተራ በተራ ይነበባል፤ ጠርዙ ትንሽ የተፈተለ ይሆናል። እንዲያውም ቅባት ብትቀባው ድጋሚ የሚተኮስ ይመስላል። ሰረዞቹ መሃል ተቃጥሎ የተበሳ ካለ ጋዝ እያመለጠ ነው፤ ጨርቁ ስስ ነው ወይም ቅባቱ አንሷል። በምላጭ የተቆረጠ ከመሰለ ደግሞ የአፈሙዙ ጠርዝ ስለታም ነው ወይም አረሩ በዝቷል። እኔ ከኢላማው በላይ የማምነው ይህን ጨርቅ ነው።

አሁን ሞልዱን እንምረጥ። ድሮ ይህ ጥያቄ አልነበረም። በ18ኛው መቶ ዘመን ፔንሲልቬንያ ውስጥ ጠመንጃ ሠሪው ቱቦውን በእጁ ስለሚቦረቡር ሁለት ቱቦ አንድ ልክ አይወጣም ነበር። ስለዚህ ከጠመንጃው ጋር ለእሱ ብቻ የሚሆን ሞልድ ሠርቶ ይሰጣል። ልኩንም የሚጠሩት በኢንች ሳይሆን ከአንድ ፓውንድ እርሳስ ስንት አረር ይወጣል በማለት ነበር። ያንተ 0.490 በዚያ አቆጣጠር 40 ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። አንዱ አረር 177 ግሬን፣ በግራም 11.5 ገደማ ይመዝናል። ከአንድ ኪሎ እርሳስ 87 ያህል ይወጣልሃል። ዛሬ የአደን ሾትጋን 12 ጌጅ፣ 20 ጌጅ የሚባለውም ከዚያው ከፓውንዱ ቆጠራ የመጣ ነው።

አሉሚኒየም ወይስ ብረት? ሁለቱም ጥሩ አረር ያወጣሉ። ልዩነቱ ያለው አያያዙ ላይ ነው። አሉሚኒየም ሙቀትን ቶሎ ይቀበላል፣ ቶሎም ይለቃል። ጥቂት ጊዜ ካፈሰስክበት ወደ ሥራ ሙቀቱ ይገባል። አይዝግም፣ ቀላል ነው፣ እጅ አያደክምም። ግን ለስላሳ ነው። በብረት ከነካካኸው ይጫራል፤ ሁለቱ ግማሾች የሚገጥሙበት ፒን ካልተቀባ ይበላላል። ብረት ደግሞ ለመሞቅ ጊዜ ይወስዳል፤ ከሞቀ በኋላ ግን ሙቀቱን ይይዛል፤ ለልጅህም ይተርፋል። ቅባት ሳታደርግበት ካስቀመጥከው ይዝጋል። የዛገ ሞልድ ደግሞ የተበላሸ ልክ ያወጣል ማለት ነው፤ ዝገቱን ስታጸዳ ቀዳዳው ይሰፋል።

ገበያ ላይ በብዛት የምታያቸው ሁለት ስሞች ናቸው። አንደኛው ዊስኮንሲን ሃርትፎርድ የሚሠራው ሊ ነው። አሉሚኒየም ነው፣ አንድ ጊዜ ሁለት አረር ያወጣል፣ እጀታው አብሮት ይመጣል። ሁለተኛው የኮነቲከቱ ላይማን ነው። ብረት ነው፣ ዋጋው ከፍ ይላል፣ እጀታው ለብቻው ይገዛል። ከዚህ ሌላ የድሮውን የሚመስል፣ እንደ ጉጠት የሚከፈት ትንሽ ሞልድ አለ። ከታሪክ ጋር ለሚጫወቱ ሰዎች ያምራል። ላንተ ግን አይሆንም። እጀታው ራሱ ብረት ስለሆነ ከአሥር አረር በኋላ አይያዝም፤ ብዙዎቹም ከላይ የሚቆርጥ ክዳን የላቸውም። እያንዳንዱን ጉቶ፣ አረሩ ላይ የሚቀረውን ትርፍ እርሳስ፣ በፒንሳ ልትቆርጥ ነው።

ስለ ጉቶው ካነሣን አይቀር፣ ብዙ ጀማሪ በሱ ይጨነቃል። እርሳሱ በገባበት ቀዳዳ በኩል አረሩ ላይ ትንሽ ጠፍጣፋ ምልክት ይቀራል። ልሞርደው ወይ ብለው ይጠይቁኛል። አትሞርደው። ስታጎርስ ጉቶው ወደ ላይ፣ መሃል ላይ፣ ወደ አንተ አቅጣጫ ይሁን። ዋናው ሁል ጊዜ አንድ ቦታ መሆኑ ነው። ወደ ጎን ከዞረ ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ያደላና አረሩ ሲሽከረከር ይዋልላል።

የሞልዱ ቁጥርም ቢሆን ሕግ አይደለም። 0.490 የተጻፈበት ሞልድ 0.489 ወይም 0.491 ሊያወጣ ይችላል። ሁለቱ ግማሾች በሚገጥሙበት መስመር ላይ ደግሞ በትንሹ ሊወፍር ይችላል። የመጀመሪያዎቹን ደህና አረሮች በካሊፐር አራት አምስት አቅጣጫ ለካቸው። በአንድ ሺህኛ ኢንች ቢለያዩ አትጨነቅ፤ ጨርቁ ይሸፍነዋል። በሦስት ሺህኛ ከተለያዩ ሞልዱ ደህና አልተዘጋም፤ መሃሉ የእርሳስ ፍንጣቂ ተጣብቆ ይሆናል። ጠርገህ ካልተስተካከለ መልስላቸው።

ወደ እርሳሱ ስንመጣ መልሴ አጭር ነው። የጎማ ሚዛኑን ለዚህ ጠመንጃ አትጠቀም። በክሊፕ የሚያዘው የጎማ ሚዛን ንጹሕ እርሳስ አይደለም፤ አንቲሞኒ አለበት። አንቲሞኒ እርሳስን ያጠነክራል። ንጹሕ እርሳስ በብሪኔል የጥንካሬ መለኪያ 5 ገደማ ሲሆን ይሄኛው እጥፍ ያህል ይሄዳል። ጨርቅ የለበሰ ክብ አረር ለስላሳ መሆን አለበት። ስታጎርሰው የጨርቁ ሽመና እርሳሱ ላይ ትንሽ መታተም አለበት፤ ጨርቁ አረሩን የሚይዘው እንደዚያ ነው። ጠንካራ ከሆነ አይታተምም፤ ለማጉረስ ይከብዳል። ከዚህም ሌላ ቅይጥ እርሳስ ከንጹሑ ያነሰ ስለሚኮማተር ከዚያው ሞልድ በጥቂቱ ወፍሮ ይወጣል። በቀጭኑ ያሰላኸው ሂሳብ ይበላሻል። አደን ላይ ደግሞ ክብ አረር የሚሠራው ሲመታ ተጠፍጥፎ ነው። ጠንካራው በስቶ ያልፋል፣ እንስሳው ቆስሎ ይሄዳል። ልሙጥ ቱቦ ያላቸው ሰዎች የጎማ ሚዛን ቢጠቀሙ ብዙም አይጎዱም። አንተ ግን ልሙጥ ቱቦ የለህም።

በጎማ ሚዛን ላይ ሌላ ችግር አለ። አንዳንድ ግዛቶች የእርሳሱን ስለከለከሉ ዛሬ ባልዲ ውስጥ ያለው ግማሹ ዚንክ ወይም ብረት ሊሆን ይችላል። ዚንክ ድስትህ ውስጥ ከቀለጠ እርሳሱ እንደ ገንፎ ይወፍርና ሞልድ አይሞላም። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፣ ዚንክ በ419። ሙቀቱን ዝቅ ካደረግከው ዚንኩ ሳይቀልጥ ይንሳፈፋል። ግን ለዚህ ጠመንጃ ያ ሁሉ ድካም አያስፈልግህም።

የመኪና ባትሪ የሚለውን ሐሳብ ጭራሽ ከጭንቅላትህ አውጣ። ይህን ሳልጠየቅ የምጽፈው ስለማውቅ ነው፤ አገር ቤት ባትሪ ሰብሮ እርሳስ ማቅለጥ የተለመደ ነው። አሲዱ አለ፣ የእርሳስ አቧራው አለ። ዘመናዊ ባትሪ ውስጥ ያለው ካልሲየም ደግሞ ከአንቲሞኒና ከአርሴኒክ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው ዝቃጭ እርጥበት ሲነካው ገዳይ ጋዝ ያወጣል። በጓሮ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

የምትፈልገው የድሮ ጣሪያ ላይ ይነጠፍ የነበረ የእርሳስ ልጥፍ፣ የኤክስሬይ ክፍል ግድግዳ ልባስ፣ ወይም ከነጋዴ የተገዛ ንጹሕ ጥፍጥፍ ነው። አሮጌ የውሃ ቧንቧ እርሳስም ይሆናል፤ መጋጠሚያው ላይ ያለውን ብየዳ ብቻ ቆርጠህ ጣል፣ ቆርቆሮ አለበትና። ንጹሕ መሆኑን በጥፍርህ ፈትነው። ጥፍርህ ፈር ካወጣ ለስላሳ ነው። ሲሚንቶ ላይ ጣለው፤ ንጹሑ ድፍን ድምፅ ይሰጣል፣ ቅይጡ ይጮኻል።

ማፍሰሱን ባጭሩ ልንገርህ። ከሞልዱ ውስጥ የፋብሪካውን ዘይት በሳሙናና በሙቅ ውሃ አጥበህ ፈጽሞ አድርቀው። በክብሪት ወይም በላይተር ነበልባል ቀዳዳዎቹን ትንሽ ጥላሸት አልብሳቸው። ለንጹሕ እርሳስ ድስቱ ከ400 ዲግሪ ሴልሺየስ ትንሽ ከፍ ይበል። ላዩ ላይ እንደ ወተት ስልባቦት የሚይዘውን በጭልፋ ግለጠውና አፍስስ። አረሩ ከሞላ በኋላ አታቋርጥ፤ ክዳኑ ላይ ትንሽ ኩሬ እስኪተኛ ድረስ ጨምር። እርሳስ ሲረጋ ይኮማተራል። ከላይ ኩሬ ከሌለ የሚመግበው ያጣና አረሩ መሃል ባዶ ኪስ ይቀራል። ኩሬው መጀመሪያ እንደ መስታወት ያበራል። አየው። በድንገት ይፈዛል። ከዚያ ሦስት አራት ሰከንድ ቆጥረህ ክዳኑን በእንጨት መታ አድርገህ አዙረው፣ ክፈት፣ የተጣጠፈ ፎጣ ላይ ጣል። በብረት አትምታ።

የመጀመሪያዎቹ አሥርና አሥራ አምስት የተሸበሸቡ ሆነው ይወጣሉ። ሞልዱ አልሞቀም ማለት ነው፤ ወደ ድስቱ መልሳቸው። ከዚያ እንደ አዲስ ብር ያበራሉ። ብናኝ ውርጭ የመሰለ ነገር ከለበሱ ደግሞ ሞልዱ በዝቶ ሞቋል፤ ትንሽ ዕረፍት ስጠው። ሲያልቅ ሁሉንም በሚዛን መዝናቸው። ከጓደኞቹ በሁለት ግሬን የቀለለ አረር ውስጡ ኪስ አለው። መልሰህ አቅልጠው።

ውሃ ከዚያ አካባቢ ይራቅ። አንድ ጠብታ ከቀለጠ እርሳስ በታች ከገባ በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ድስቱን ወደ ፊትህ ይረጨዋል። አንድ ክረምት ከጋራዡ መደርደሪያ ያነሣሁትን ቀዝቃዛ ጭልፋ በቀጥታ ነከርኩት። ላዩ ላይ ያረፈውን ጤዛ አላየሁትም። ጣሪያው ላይ የተለጠፈው የእርሳስ ፍንጣቂ ዛሬም አለ። መነጽርና ረጅም እጅጌ ስለነበረኝ ነው በሰላም የወጣሁት። ጭልፋውንም፣ ቀዝቃዛውን እርሳስም መጀመሪያ ድስቱ አፍ ላይ አሙቀህ አስገባ። ዝናብ ባለበት ደጅ አታፍስስ።

ጤናን በተመለከተ ሰው የሚፈራው ጭሱን ነው፤ በዚህ ሙቀት ግን ይበልጥ የሚጎዳህ አቧራውና እጅህ ነው። በሩ በተከፈተ ጋራዥ ወይም ደጅ ሥራ። ድስቱና ጭልፋው ለዚህ ብቻ ይሁኑ፤ ወደ ኩሽና አይመለሱ። ቡናህን ይዘህ አጠገቡ አትቁም። ስትጨርስ እጅህን በሳሙና ታጠብ፣ ልብስህን ቀይር፣ ከዚያ ልጅ ታቀፍ። ለልጅ ደኅና ነው የሚባል የእርሳስ መጠን የለም። አንተ ደግሞ ጎማ ቤት እየሠራህ በየቀኑ እርሳስ ትነካለህ። በዓመት አንድ ጊዜ ደምህን አስመርምር።

አንድ ነገር ከሞልዱ ጋር ባይገናኝም ልጨምር። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ከፈረንጆች ገና በኋላ ያለው የአፈሙዝ ጎራሽ የአጋዘን አደን ወቅት በባልጩት ለሚተኩስ ጠመንጃ ብቻ ነው። ያንተ በካፕ ስለሚሠራ በዚያ ወቅት አይፈቀድም፤ በጥቅምቱ የአፈሙዝ ጎራሽ ወቅት ግን ይፈቀዳል። የየዓመቱን ደንብ ከግዛቱ ጌም ኮሚሽን አንብብ። ካሊፎርኒያ ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ በፈረንጆች አቆጣጠር ከሐምሌ 2019 ጀምሮ በእርሳስ ማደን ፈጽሞ እንደተከለከለ እወቁ። በአፈሙዝ የሚጎርሰውንም ይጨምራል።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ቱቦውን ለካ። አንድ ሳጥን 0.490 አረር ግዛና በሦስቱ ጨርቆች ሞክር። ዘንጉ በአንድ እጅ ጠበቅ ብሎ ግን ሳይታገል ከወረደ፣ ጨርቁም ደህና ሆኖ ከተገኘ፣ ባለሁለት ቀዳዳውን የ0.490 አሉሚኒየም ሞልድ እዘዝ። ለጀማሪ ከዚያ በላይ ማውጣት ትርፉ ኪሳራ ነው። ወደ ብረቱ የምትሄደው በዓመት ብዙ መቶ የምትተኩስ ከሆነ ብቻ ነው። ኢላማው ከተበተነብህ መጀመሪያ ጨርቁን ቀይር፣ ቀጥሎ ባሩዱን አምስት አምስት ግሬን እያልክ፣ አምራቹ ከጻፈው ጣሪያ ሳታልፍ። ሞልዱን የምትቀይረው መጨረሻ ላይ ነው። ባሩድ ስል ደግሞ ጥቁር ባሩድ ወይም ለእሱ ተብሎ የተሠራ ምትክ ነው። ጭስ አልባ ባሩድ በዚህ ጠመንጃ በአንድ ተኩስ ቱቦውን ሊተረትረው ይችላል።

ስትለካ ከ0.496 በታች ወይም ከ0.502 በላይ ከመጣ ምንም ሳትገዛ ቁጥሩንና የቱቦውን ውስጥ ሁኔታ ጻፍልኝ። በትንሽ የእጅ ባትሪ ስታበራበት ጉድጓድ ጉድጓድ ያለ ዝገት ይታይ እንደሆነም ጨምር።